ለጓሳ ጉዞ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ሰላም ወገኖች። ትንሽ ይረዝማል። ግን ጣታችሁ ቴሌብር ላይ ከሆነ አንዴ ታገሱኝ።

መጀመሪያ እፍረቴን ልናገር። እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ብርድ አብሮ አደጌ ነው። ጓሳም ሩቅ አገር አይደለም፣ መንዝ ነው፣ አጎቴ በየዓመቱ ለፋሲካ በግ የሚያስመጣበት አገር። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ አዲስ አበባ ተቀምጦ ተራራ በስልክ የሚሸጥ ልጅ የበላኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «የሁለት ቀን ሃይኪንግ አለ፣ ሁለት የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼም ይመጣሉ፣ አንተም ና» አለች። ማስታወቂያውንም ላከችልኝ። በነፍስ ወከፍ 7,800 ብር። መኪና፣ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ምግብ፣ መግቢያ፣ «ልምድ ያለው ጋይድ»፣ ሁሉም ተካቷል ይላል። ግማሹ ቀብድ፣ ግማሹ ጠዋት መኪና ውስጥ። እኔ ከደብረ ብርሃን ስለምሳፈር ትንሽ እንዲቀንስልኝ አዘጋጁን ጠየቅሁት። «ፓኬጅ ነው ወንድሜ፣ አይቆራረጥም» አለኝ። ከፈልን። አራታችን 31,200 ብር።

አሁን ሳስበው ማስታወቂያው ራሱ እየጮኸ ነበር። ፎቶው ላይ ገደል አፋፍ ላይ ቀንዱ ወደ ኋላ የቆለመመ ዋሊያ ቆሟል። ዋሊያ የሰሜን ተራሮች እንስሳ ነው፣ ጓሳ ውስጥ የለም። የጓሳዎቹ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ናቸው። ከፎቶው ሥር ደግሞ «4,000 ሜትር ላይ ቁርስ» ተብሎ ተጽፏል። ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ግድም ነው። ሰውየው የሚሸጠውን ተራራ አያውቀውም ማለት ነው። እኔ አውቃለሁ፣ ግን አይቼ ዝም አልኩ፣ ፎቶ ከኢንተርኔት የወሰደ ሰው ብርቅ ነው እንዴ ብዬ።

የጉዞው ቀን 12 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆሜ እንድጠብቅ ተነገረኝ። መኪናው የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሃይሩፍ ነው፣ 12 ሰው ጢም ብሎበታል። ገና ሳልቀመጥ «ነዳጅ ጨምሯል፣ 500 500 ብር ጨምሩ» ተባለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳ ሰው ምን ይላል? ሁሉም አወጣ።

ጣርማበር ላይ ከዋናው መንገድ ተገንጥለን በመዘዞ በኩል ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ሄድን። መንገዱን አላማም፣ ደስ ይላል፣ ገብሱ ታጭዶ በየአውድማው ተከምሯል። ምሳ ሲወጣ ግን የእንቁላል ሳንድዊች ሆነ። ጾመ ነቢያት ገብቷል! ከ12ቱ ዘጠኛችን ጿሚ ነን። ባዶ ዳቦና ሙዝ በላን። ይሄ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን አዘጋጁ ስለማንኛችንም አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ብር እንደተቀበለ ያኔ ነው የገባኝ።

«ጋይዱ» ነጭ ስኒከር ያደረገ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ኔትወርክ ጠፋ። ካርታው ነጭ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ልጁ ግራ ቀኝ አየና በግ የሚጠብቅ የአሥር ዓመት ልጅ ዘንድ ሄዶ «ጭላዳዎቹ የሚውሉት በየት በኩል ነው?» ብሎ ጠየቀው። እረኛው ብርድ ልብሱን ጠቅለል አድርጎ ሁላችንንም ካየን በኋላ «መሪያችሁ የታለ?» አለ። ነጭ ስኒከሩን አሳየነው። እረኛው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ዱላቸውን ይዘው ደረሱብን። የማኅበረሰቡ ጥበቃ ናቸው። አልተቆጡም። «ልጆቼ፣ ማን አስገባችሁ? ደረሰኝ አላችሁ?» አሉ። ሁላችንም ወደ አዘጋጁ ዞርን። አዘጋጁ ወደ ጋይዱ ዞረ። ደረሰኝ የለም። ለካ «መግቢያ ተካቷል» የተባለው ማንም ሳያየን ሾልከን እንድንገባ ታስቦ ነው! ወደ ኋላ ተመልሰን የመግቢያውንም፣ የካምፑንም፣ የእውነተኛውን አስጎብኚም ሒሳብ ከኪሳችን ከፈልን። ለየአንዳንዱ ደረሰኝ ተቆረጠልን። ይሄን ያህል ዙሪያ ጥምጥም የሄድንበት ገንዘብ ከ7,800ው ጋር ሲተያይ ትንሽ መሆኑን ሳይ ነው የበለጠ የተናደድኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ጓሳ ባለቤት የሌለው ሜዳ አይደለም። የመንዝ አባቶች ከ400 ዓመት በፊት ጀምሮ ጠብቀው ያቆዩት ነው ይባላል። ሣሩን ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስ ይከፍቱታል፣ ከዚያ ሁሉም በደንቡ ያጭዳል። ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት፣ እረኛ ዝናብ ሲመጣ የሚደርበው ገሳ የሚሠራበት ሣር ነው። ዛሬም የሚያስተዳድረው ማኅበረሰቡ ነው። አስጎብኚዎቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው 500 ግድም ብቻ ነው፣ ያውም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ጠዋት በየት በኩል አይጥ ፍለጋ እንደሚወጣ የሚያውቀው እዚያ ያደገ ሰው ነው። እኛም ሁለተኛው አስጎብኚ ከመጣ በኋላ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላን አየነው። ቀይ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ቆም ብሎ አየንና መንገዱን ቀጠለ። ያቺ ቅጽበት ብቻ ናት ከጉዞው የማትቆጨኝ።

ከዚያ መሸ።

ስሊፒንግ ባግ የተባለው ሶደሬ መዋኛ ዳር ለመተኛት የሚሆን ስስ ነገር ነው። የእኔው ዚፕ ከጉልበቴ በላይ አይዘጋም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጓሳ ላይ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፣ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ድንኳን ውስጥ ያስቀመጥኩት የውሃ ጠርሙስ ጠዋት አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ አገኘሁት። ጃኬት፣ ሁለት ሱሪ፣ ጋቢ ደርቤ እንኳ ጥርሴ ሲፋጭ አደረ።

ብርዱስ ያልፋል። የአክስቴ ልጅ ግን ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ ራሷን ያማት ነበር። እህል አልወሰደችም። 5 ሰዓት ላይ ማስመለስ ጀመረች። አዘጋጁን ቀሰቀስኩት። «ብርድ ነው፣ አረቄ ቀማምሳ ትተኛ» አለኝ። እባካችሁ ይሄን የሚላችሁን ሰው አትስሙ። የከፍታ ሕመም ነው። 3,300 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከምታገኙት ሁለት ሦስተኛው ያህል ነው። ሰውነት እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ትንፋሽን ስለሚያደክሙ ነገሩን ያብሱታል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ባሉበት ማረፍ ነው፣ ከዚያ በላይ መውጣት የለም። ካልተሻለ መውረድ ነው። ሰውየው ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው ደግሞ ጠዋትን መጠበቅ አያስፈልግም፣ ወዲያው ይወርዳል።

በምን እንውረድ? ሾፌሩ ሃይሩፉን ይዞ መሐል ሜዳ ፔንሲዮን ሊያድር ሄዷል። ኔትወርክ የለም። እኚያ የጥበቃ አባት ናቸው በጨለማ ወደ ጉብታው ወጥተው የደወሉልን። መኪናው ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ። ያን ሁለት ሰዓት እጇን ይዤ እንዴት እንዳሳለፍኩት ለጠላትም አልመኘውም። መሐል ሜዳ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚያ መሄዱ ትርጉም የለውም፣ አገሩ ሁሉ አምባ ነው፣ እንደ ሌላ ተራራ ትንሽ ወረድ ብለህ የምትገላገልበት አይደለም። ስለዚህ በሌሊት ቀጥታ ወደ ደብረ ብርሃን ነዳን። ጤና ጣቢያ ታየች፣ እኛ ቤት ውላ አደረች፣ በማግስቱ ሽሮ ጠየቀች። እግዚአብሔር ይመስገን።

ጥፋቱ የተጀመረው ግን ፕሮግራሙ ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ከ3,000 በላይ ሲኮን የሚታደርበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመከራል። እነሱ 900 ሜትር ያህል በአንድ ቀን አወጧት፣ ያውም እንቅልፍ ባላገኘ ሰውነት። አንድ ሌሊት ደብረ ብርሃን አድረው ቢሆን ኖሮ፣ እኛ ጋ 2,800 አካባቢ ነው፣ ነገሩ በጣም ይቀል ነበር። ስለ ከተማዬ ስለማደላ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ አደላለሁ።

እና ብር ከመላካችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ አስጎብኚው ማን ነው፣ የየት አገር ሰው ነው? «የራሳችን ጋይድ አለን» ካሏችሁ፣ ከጓሳ ማኅበረሰብ ቢሮ ጋር መነጋገራቸውንና የመግቢያው ደረሰኝ በማን ስም እንደሚቆረጥ ጠይቁ። መልሱ ከተንተባተበ ተዉት። መኪናው ሌሊት አብሯችሁ ያድራል ወይ በሉ። ስሊፒንግ ባጉ ስንት ዲግሪ ድረስ እንደሚችል የተጻፈበትን መለያ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። በእኛ በኩል መንገድ አንዳንዴ እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ፣ ከተዘጋ ቀብዱ ይመለሳል ወይ የሚለውን በጽሑፍ አስቀሩ፣ በስልክ የተባለ ነገር ነፋስ ነው። የንግድ ፈቃድ አለን የሚሉ ከሆነ የግብር ከፋይ ቁጥራቸውን ተቀብላችሁ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ አስገቡት፣ ካለ ይወጣል። ማስታወቂያውንም ስክሪንሾት አንሱ። እኔ አላነሳሁም ነበር፣ በኋላ ዋጋ አስከፍሎኛል።

ምክንያቱም ስንመለስ ገንዘባችን ቢያንስ በከፊል ይመለስ ብዬ የአዘጋጁ ግሩፕ ላይ ጻፍኩ። በትሕትና ነው የጻፍኩት፣ የመግቢያ ደረሰኞቹንም ለጠፍኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየም። ጽሑፌ ጠፋ፣ እኔም ተባረርኩ። አዘጋጁ በውስጥ መስመር «ተራራ ለደካማ ሰው አይሆንም» የሚል መልእክት ለአክስቴ ልጅ ላከላት። ሸማች ደረሰኝ የማግኘትና በሐሰተኛ ማስታወቂያ ያለመታለል መብት አለው፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ላይ ተቀምጧል። አቤቱታ ላቀርብ ወረቀቴን እያዘጋጀሁ ነው። ቴሌብር የላክንበት ማስረጃ አለ፣ ስሙ ግን የግለሰብ ነው። እሱም ሌላ ምልክት ነበር፣ ለድርጅት እየከፈላችሁ የምትልኩት ለአንድ ሰው የግል ስልክ ከሆነ።

በዚያ ቀን አብራችሁን የተጓዛችሁ ካላችሁና ማስታወቂያውን ያስቀመጣችሁ ከሆነ በውስጥ ላኩልኝ።

ዛሬ ጠዋት በእህቴ ስልክ ገብቼ አየሁት። አዲስ ለጥፏል። «የጥምቀት ልዩ ጉዞ ወደ ጓሳ፣ ጥቂት ቦታ ቀርቷል» ይላል። ዋጋው 8,500 ገብቷል። ዋሊያው አሁንም እዚያው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሟል።