ጎሹ ያልተካተተበት የጎሽ አደን ጨረታ

ከመጀመሪያው ልናገር፣ እኔ አልተኮስኩም። ጠመንጃ ጨብጬም አላውቅም። የተኮሱት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። እኔ ወረቀቱ ላይ «ተመልካች» ተብዬ፣ በየቀኑ እየተከፈለብኝ፣ የውሃ ኮዳ ተሸክሜ ከኋላ ከኋላ ያዘገምኩ ሰው ነኝ። የአዳኝ ጉራ ፈልጋችሁ ከመጣችሁ እዚህ የለም። ገንዘቡ የት እንደሚገባና አገልግሎቱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከሆነ ግን ቁጭ በሉ፣ የምለው አለኝ።

ነገሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ፣ አንድ የሆቴል አዳራሽ ነው። የአዳኞች ማኅበር ያዘጋጀው እራት ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ከእራቱ በኋላ ጨረታ አለ። ለጨረታ ከቀረቡት አንዱ «ዚምባብዌ፣ ዛምቤዚ ሸለቆ፣ የ7 ቀን የጎሽ አደን፣ ገቢው በሙሉ ለዱር እንስሳት ትምህርት» ይላል። ጋሼ በልጅነታቸው ጎሽ ገዳይ ሲፎክር እየሰሙ ያደጉ ናቸው። «ለትምህርት» የሚለውን ሲያዩማ በቃ፣ ኃጢአቱ ሁሉ ተሰረየ። እጃቸውን አነሱ። ከወዲያ ጥግ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰውዬ አነሳ። እሳቸው ደገሙ። ባለቤቴ በጠረጴዛው ስር እግሬን ረገጠችኝ፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ታላቄ ናቸው። መዶሻው ሲወርድ አዳራሹ አጨበጨበ፣ ጋሼም ዞር ብለው «አሸነፍን!» አሉኝ። ማን ማንን እንዳሸነፈ የገባን ቆይቶ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አደኑን ለማኅበሩ በነጻ የሚሰጠው እዚያው ዚምባብዌ ያለ የሳፋሪ ድርጅት ነው። ስለዚህ በጨረታው የተከፈለው ገንዘብ ለማኅበሩ ይገባል፤ ለሳፋሪ ድርጅቱ ከዚያ የሚደርሰው ነገር የለም። ታዲያ ሰዎቹ ጻድቃን ሆነው ነው? አይደለም፣ እንዲሆኑም አይጠበቅባቸውም። የሚያተርፉት ከጨረታው ውጭ ባለው ነው። አብሮ የመጣ ሰው በቀን ይከፍላል፣ ቀን ከተጨመረ ይከፈላል፣ ጠመንጃ ከተከራየህ ይከፈላል፣ ሌላ እንስሳ ካማረህማ ተወው። ይሄ ነውር የለውም። ነውሩ ይህን ሁሉ በወረቀቱ ግርጌ በደቃቅ ፊደል መጻፉ ላይ ነው።

ቤት ገብተን ስናነበው የተገዛው 7 ቀኑ ነው። መኝታው፣ ምግቡ፣ መኪናው፣ መሪ አዳኙ፣ ዱካ አዋቂው። ጎሹ የለበትም። አዎ፣ በጎሽ አደን ጨረታ ላይ ጎሹ አልተካተተም! እንስሳው የራሱ ክፍያ አለው፣ «የትሮፊ ክፍያ» ይሉታል፣ በሺዎች ዶላር ነው። የሚከፈለውም ሲገደል ብቻ አይደለም። ደም ከታየ፣ ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቢጠፋም ከፋይ አንተ ነህ። በዚህ ላይ አውሮፕላን አለ፣ ከሐራሬ እስከ ካምፑ መጓጓዣ አለ፣ ለሠራተኞቹ ጉርሻ አለ፣ ቀንዱንና ቆዳውን በመድኃኒት ነክሮ፣ አሽጎ መላክ አለ፣ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርጎ የሚያዘጋጀው ባለሙያ አለ። ደምረን ስንጨርስ ከጨረታው ዋጋ በልጦ ተገኘ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ግድ የለም፣ ግብር ላይ ይቀነስልኛል» አሉ። እሱም አልሆነም። የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ እንዲህ ባለ ጨረታ ላይ እንደ ልገሳ የሚቆጥረው ከገበያ ዋጋው በላይ የከፈልከውን ብቻ ነው። ጋሼ ደግሞ የገዙት በርካሽ ነበር።

የሄድነው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ያኔ የበጋው ማብቂያ ነው፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል፣ ኩሬው ሁሉ ደርቋል። ለአደን ጥሩ ጊዜ ነው ይላሉ። ጎሽ በየቀኑ ውሃ ካልጠጣ አይሆንለትም፣ ስለዚህ ውሃ ያለበት ዱካው አለ። ለተመልካች ግን መቅሰፍት ነው። ደግሞ «ምን ይዛችሁ ኑ» በሚለው ዝርዝር ላይ «አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልብስ» ተብሎ ታልፏል፣ ለምን እንደሆነ አልተጻፈም፣ እኔም ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዜን ለብሼ ወጣሁ። ለካ ያ ገንዲ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው የቆላ ዝንብ ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ነፍሱ ነው። ዝንቡን ለማጥመድ ጫካ ውስጥ የሚሰቀለው ጨርቅ ራሱ ሰማያዊና ጥቁር ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ በእግሩ የሚሄድ ወጥመድ ሆኜ ዋልኩ። ሞፓኔ ከሚባለው ዛፍ ስር ስናርፍ ደግሞ ትንኝ የምታክል፣ የማትናደፍ ንብ አለች፤ ላብና እንባ ፍለጋ ዓይን ውስጥ ትገባለች። መሪው «አትግደላት፣ ስትገደል ሌሎቹ ይመጣሉ» አለኝ። ነግሮኛል፣ ግን ገደልኳት። መጡ።

ካምፑ ላይ ብዙ አልልም። ንጹሕ ነው፣ ሣር ክዳን ነው፣ ማታ የሞቀ ውሃ አለ፣ ምግቡ ከጠበቅነው በላይ ነው።

ስለ መሪ አዳኙ ግን ልበል። ዚምባብዌ ውስጥ ይህን ፈቃድ ማውጣት ቀልድ አይደለም። የጽሑፍ ፈተና አለ፣ ከዚያ ፈቃድ ባለው አዳኝ ስር ለዓመታት መሥራት አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ ጫካ ውስጥ ተወስደህ መርማሪዎች ፊት ትፈተናለህ። የእኛ መሪ፣ ልጁ፣ ይህን ሁሉ ያለፈ መሆኑ የታየኝ በ3ኛው ቀን ነው። ቀንዱ ወዲህና ወዲያ የተንሰራፋ፣ ሥዕል የመሰለ ጎሽ ከ50 ሜትር በማይበልጥ ርቀት ቆሞ አየነው። ጋሼ ጠመንጃውን አነሱ። ልጁ አፈሙዙን በእጁ ወደ ታች ዝቅ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ በገዛ ገንዘባቸው የተከለከሉ መሆናቸው አናደዳቸው፣ እኔም ልጁ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲያስረዳን ጎሹ ገና ወጣት ነው አለ። የወንድ ጎሽ ቀንድ ከግንባሩ ላይ እንደ ራስ ቁር ይገጥማል። 7 ወይም 8 ዓመት እስኪሞላው ግን መሐሉ ለስላሳ ነው፣ ፀጉርም ይታይበታል። የዚያን ቀኑ እንደዚያ ነበር። ዘር የሚሰጠው ገና ወደፊት ነው። የሚፈለገው መንጋውን ትቶ የወጣው፣ ከሁለትና ከሦስት እኩዮቹ ጋር ጭቃ ውስጥ ሲንከባለል የሚውለው ሽማግሌ ነው። በእነሱ አባባል «ዳጋ ቦይ»፣ የጭቃ ልጆች። ደንበኛው ደስ ብሎት ቶሎ እንዲሄድ የሚፈልግ መሪ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ያስተኩሳቸው ነበር። ለዚህች ብቻ 5 ኮከብ እሰጣለሁ።

ዱካ አዋቂው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፤ ሁሉም «ባባ» ይላቸዋል፣ እኛም ባባ አልን። አመድ የሞላበት አሮጌ ካልሲ ይይዛሉ። በየጥቂት እርምጃው ነቅነቅ ያደርጉታል፣ አመዱ ወደየት እንደሄደ አይተው ንፋሱን ያውቃሉ። እበት ሲያገኙ ጣታቸውን ይከቱና ሙቀቱን ይለካሉ። አንድ ጊዜ እኔንም አስነኩኝ። ውጪው ደርቋል፣ ውስጡ ለብ ይላል። በጣታቸው ወደ ፀሐይ ጠቁመው፣ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ አደረጉት፤ ያን ሰዓት ነው ያለፈው ማለታቸው ነው። በሾና፣ በእነሱ ቋንቋ፣ ጎሽ «ኒያቲ» ይባላል። በእናንተስ ብለው ጠየቁኝ። ጎሽ አልኳቸው። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው አገላብጠው ያዙት። ከዚያ ወዲያ ዱካ ባዩ ቁጥር ወደ እኔ ዞር ብለው በሹክሹክታ «ጎሽ» ይሉኛል።

ማታ እሳት ዳር መሪው ሲያወራ እ.ኤ.አ. በ1896 ከሰሜን የመጣ የከብት በሽታ ዛምቤዚን ተሻግሮ ጎሹን ሊጨርሰው እንደነበር ነገረን። ከጋሼ ጋር ተያየን። ያ በሽታ እኮ እኛ «ደስታ» የምንለው ነው! ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1887 ባመጣው ከብት በምጽዋ በኩል የገባው፣ በሬዎቻችንን ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣብን። እኛን ጨርሶ 10 ዓመት ሳይሞላው እዚህ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። ጋሼ «እኛና ጎሹ የአንድ ቀን ሐዘንተኞች ነና» አሉ። ያን ማታ ብዙ አላወሩም።

የተኮሱት በ5ኛው ቀን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝተው ነበር። መሪው ሦስት እግር ያለውን የተኩስ ምርኩዝ ተከለ፣ ጋሼ ጠመንጃውን አሳረፉበት፣ ከዚያ ጎሹ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ እንጃ፣ አንዲት መዥገር ለቃሚ ወፍ ከጀርባው ላይ ብድግ ስትል እሱም ተነሳ። ተኮሱ። የደረቅ ከበሮ ድምፅ የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ጥይቱ ሲያርፍ ነው አሉ። ጎሹ ቁጥቋጦውን ጥሶ ጠፋ። ወዲያው መከተል ክልክል ነው፣ የቆሰለ ጎሽ ዞሮ የሚጠብቅ ፍጥረት ነው። ቆየን። ከውስጥ ረዥም፣ የሚያሳዝን ጩኸት መጣ፣ ባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መሪው ቀርቦ አንድ ጊዜ ደገመ፣ ለጥንቃቄ። ጋሼ የአገር ቤቱን ፉከራ ለዓመታት ሲለማመዱት የነበረ ይመስለኛል፤ አልወጣላቸውም። ጎንበስ ብለው ጭቃ የደረቀበትን ጀርባውን ዳሰሱና ጉልበታቸው ከዳቸው፣ አጠገቡ ተቀመጡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ያ ያበሳጨን፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው የትሮፊ ክፍያ ምን እንደሚሠራ የገባኝ እዚያ ነው። አካባቢው ዳንዴ ይባላል፣ ሰው የሚኖርበት፣ የሚያርስበት መሬት ነው፣ ጎሹና ዝሆኑም እዚያው ናቸው። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ካምፕፋየር የሚባል ፕሮግራም አለ። ከአደን የሚገኘው ገቢ በወረዳው ምክር ቤት በኩል ከእንስሳቱ ጋር ለሚኖረው ሕዝብ እንዲደርስ ነው የታሰበው። ገንዘቡ በሰዓቱና በሙሉ ይደርሳል ወይ የሚለው ላይ እዚያው ያሉ ሰዎች ያጉረመርማሉ፣ እኔም አልምልም። ሥጋው ግን ሲከፋፈል በዓይኔ አይቻለሁ፤ የምክር ቤቱ ዘብ ስም ዝርዝር ይዞ ቆሞ፣ አንጀቱ ሳይቀር። ጋሼ አልቀመሱም፣ «በስመ አብ ብሎ ያረደው የለም» አሉ። እኔ ጭራውን በልቻለሁ፣ አልዋሽም።

ለትምህርት የተባለው የጨረታው ገንዘብስ? ከተመለስን በኋላ ማኅበሩን በኢሜይል ጠየቅሁ። ሁለት ጊዜ መጻፍ ነበረብኝ። በመጨረሻ አንድ ገጽ መጣ። ገንዘቡ የአሜሪካ መምህራንን ክረምት ላይ ወደ ጫካ ወስዶ ስለ ዱር እንስሳት አያያዝ ለማስተማር ነው የሚውለው። መጥፎ ነው አልልም፣ ተማሪ ተማሪ ነው። ግን ከጎሹ ጋር ውሃ የሚጋራው ልጅ ያለው ዳንዴ ነው፤ ለእሱ መንደር የሚደርሰው ደግሞ ያ ከጨረታው ውጭ የተባለው ክፍያ ነው። ጨረታው ላይ ይህን በግልጽ ቢነግሩን ኖሮ ጋሼ ደስ ብሏቸው ይከፍሉ ነበር። ስለዚህ ለጨረታው 2 ኮከብ፣ ለአደኑ 5። ልትጫረቱ የምታስቡ ካላችሁ እጃችሁን ከማንሳታችሁ በፊት እንስሳው ተካቷል ወይ፣ ተመልካች በቀን ስንት ነው፣ «ትምህርት» ማለት የማን ትምህርት ነው፣ የት፣ ብላችሁ ጠይቁ። አጫራቹ ካላወቀ የሚያውቅ ሰው ያምጣላችሁ።

አንድ ነገር ቀርታለች። የመጨረሻው ቀን ሥጋ አድርሰን ስንመለስ መኪናው አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ቆመ። የእረፍት ሰዓት ነበር፣ ልጆቹ ከበቡን። አንዱ፣ 9 ዓመት ቢሆነው ነው፣ መንገዱ ላይ ያለ ዱካ በእንጨት እያሳየኝ የትኛው የፊት እግር የትኛው የኋላ እንደሆነ ነገረኝ። የፊቱ ይበልጣል፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ራስና ትከሻ የሚሸከመው እሱ ነው። ባባ ይተረጉማሉ። እኔም ሳላስበው ራሱን እየዳበስኩ እንደ አገሬ ሰው ጮክ ብዬ «ጎሽ!» አልኩት። ባባ በቅጽበት ልጁን ወደ ኋላቸው ስበው ወደ ቁጥቋጦው ዞሩ።