ትሪቲየም፦ በውሃ ወይስ በምግብ?

ትሪቲየም ጨረር አመንጪ ሃይድሮጂን ነው። በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ጨረሩ ደካማ ስለሆነ ቆዳን አያልፍም፤ ጣጣው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ነው።

አንደኛው መንገድ ትሪቲየም ያለበት ውሃ ነው። በፈረንጆቹ ከ2023 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ካለው የፉኩሺማ የኑክሌር ጣቢያ ወደ ባሕር የሚለቀቀው በዋናነት ይሄ ነው። ዓሣ ወደ ንጹህ ውሃ ሲመለስ ቶሎ ይወጣለታል። ግን ሙሉ በሙሉ የዋህ አይደለም፦ በቤተ ሙከራ፣ መጠኑ ከፍ ሲል፣ ሙሰል የሚባለው ባለ ዛጎል የባሕር ፍጥረት ዲኤንኤው ተጎድቷል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ከካርቦን ጋር ተጣብቆ በምግብ የሚገባው ነው። ቶሎ አይለቅም። ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ አጠገብ ለሕክምናና ለምርምር የሚሆኑ ኬሚካሎች ከሚያመርት ፋብሪካ እንዲህ ያለ ትሪቲየም ይወጣ ነበር። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የባሕሩን ወለል የሙጥኝ ብሎ የሚኖረው ጠፍጣፋ ዓሣ ሲለካ፣ ሥጋው ውስጥ የተገኘው ከውሃው በብዙ እጥፍ በልጦ አረፈው!