«ቄብ ናቸው» ተብዬ 5 አሮጊት ዶሮ ታቀፍኩ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ቃላቴ ከሻከረ ይቅርታ።

ሾላ ገበያ አካባቢ በሽቦ ጎጆ ዶሮ ደርድረው የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። «እህቴ ነይ፣ ቄብ አለ፣ ቦቫንስ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይጥላል።» ቄብ ማለት እንቁላል መጣል ልትጀምር የደረሰች ወጣት ዶሮ ናት፤ ቦቫንስ ደግሞ ለእንቁላል የሚረባ የፈረንጅ ዶሮ ዝርያ ነው። እኛ ቀበና ከጎረቤት ጋር የምንጋራት ጠባብ ግቢ አለችን። እንቁላል ከሱቅ እየቆጠርኩ መግዛት ሰልችቶኝ ነበር። 5 ዶሮ፣ አንዷ በ1,100 ብር። ከ1,200 አስቀነስኩ ብዬ ደስ ብሎኛል እኮ!

ላባቸው ሳሳ ያለ ነበር። አንደኛዋማ አንገቷ ተመልጧል። «ታማለች እንዴ?» አልኩት። ሰውየው ፈገግ ብሎ ዶሮዋን አነሳትና ክንፏን እንደ ማራገቢያ ዘረጋው። በረጃጅሞቹ ላባዎች መሀል እሾህ የመሰሉ አጫጭር ቡቃያዎች አሉ። በጣቱ እየነካካ «አየሽ? አዲስ ላባ ነው። ቄብ ልትጥል ስትል ላባዋን ትቀይራለች» አለኝ። ሌላኛው እጁ ከጅራቷ ስር ነበር። እስኪጨርስ ድረስ መዳፉን ከዚያ አላነሳም። ቤት ገብቼ ሳየው ለካ ኋላዋ ራቁቱን ነው። አሁን ማታ ጋደም ስል ፊቴ ላይ ድቅን የሚለው ያ መዳፍ ነው።

ከዚያ ከጎጆው ጥግ አንድ እንቁላል አንስቶ «ምርቃት ነው፣ አንዷ ዛሬ ጀምራለች» ብሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ትልቅ እንቁላል። «አቤት ትልቅነቱ!» አልኩ። አዎ፣ እንደዚያ አልኩ።

ማታ ለባለቤቴ ስለ ቄብና ስለ ላባ ሳብራራለት ብትሰሙኝ የዶሮ ፕሮፌሰር ነው የምመስለው።

አንድ ሳምንት። ሁለት። ሦስት። እንቁላል የለም። ላባ ግን በየጠዋቱ በመጥረጊያ እሰበስባለሁ። የግቢያችን እማማ አንድ ቀን ቡና ልንጠጣ ስንል አንዷን ብድግ አድርገው እግሯን ዳበሱ። «ልጄ፣ የቄብ እግር እንዲህ ይሻክራል? ይቺማ ባልቴት ናት» አሉኝ። ቡናው አልወርድ አለኝ።

ደብረ ዘይት ዶሮ እርባታ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ አለ። ፎቶ ላኩለት፣ መጀመሪያ ሳቀብኝ። እርባታዎች ዶሮዎቹ ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆናቸው አውጥተው ይሸጧቸዋል አለኝ። እዚያ በቀን እስከ 16 ሰዓት መብራት ይበራላቸዋል። ድንገት ተጭነው፣ መንገድ ላይ ውሃ ሳይቀምሱ፣ 12 ሰዓት ገደማ ብርሃን ብቻ ወዳለበት ግቢ ሲመጡ ሰውነታቸው መጣል ያቆምና ላባ ያራግፋል። ላባ አብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ስለዚህ መኖው ሁሉ ወደ ላባ ይሄዳል፣ ለእንቁላል የሚተርፍ የለም። ይሄ 2 ወይም 3 ወር ሊፈጅ ይችላል። ከዚያ ይጥላሉ፣ ግን እንደ መጀመሪያው ዓመታቸው አይሆንም።

በጣም ያበሸቀኝ ደግሞ ይሄ ነው። ጫጩት እስክታድግ ላባዋን ደጋግማ መቀየሯ እውነት ነው። ግን በ18 እና በ20 ሳምንት መካከል፣ መጣል በምትጀምርበት ጊዜ፣ መቀየሩን ጨርሳ፣ ላባዋ አብረቅርቆ ነው የምትገኘው እንጂ ተመልጣ አይደለም። ሰውየው ግማሽ እውነት ስላጎረሰኝ ነው የዋጥኩት። ያ ምርቃትስ? ቄብ መጀመሪያ የምትጥለው ትንንሽ እንቁላል ነው። ውሸቱን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። እኔ ግን አመሰገንኩት።

ቅዳሜ አንዷን በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። ስገዛ «እህቴ» ነበርኩ፣ ስመልስ «ማዘር» ሆንኩ። ዶሮዋን ገልበጥ አድርጎ አየና ለረዳቱ ልጅ «ከአሮጌዎቹ ናት አይደል?» አለው። እኔ ፊት! ድምፁን እንኳ ዝቅ አላደረገም። ልጁ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። «ማዘር፣ ዶሮ ዋስትና የለውም። በዓል ሲደርስ እረጃት፣ ለወጥ ይቺ ናት የምትሆነው» አለኝ። ሙድ ያዘብኝ። አፌን ሳልከፍት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ «እህቴ ነይ፣ ቄብ አለ!»

እና ልትገዙ ከሆነ፣ እግሯን ዳብሱ፤ ሻካራ ቅርፊት ካለው ተዉት። ጅራቷን ራሳችሁ ግለጡ። ላባዋ የሚረግፍ ዶሮ ምንም ቢሏችሁ አትግዙ። ዶሮ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እማማን ይዤ ብሄድ ኖሮ 5,500 ብሬ ኪሴ ነበር።

አምስቱም አሁን ግቢ ውስጥ ናቸው። ይበላሉ፣ ላባ ያራግፋሉ። ባለቤቴ በየቀኑ «ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ?» ይለኛል።