ካንዳ ሚዮጂን፦ የአኒሜ ወዳጆች ስለታቸውን የሚሰቅሉበት መቅደስ

ለአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ገጸ ባሕርይ ያላቸው ፍቅር ወደ አምልኮ ለተጠጋ ሰዎች፣ ቶኪዮ ውስጥ ከአኒሜ ሰፈሩ ከአኪሃባራ ሱቆችና ካፌዎች ሁሉ የሚበልጠው ለእነሱ ተብሎ ያልተሠራው ቦታ ነው። ካንዳ ሚዮጂን በ730 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተ የሚነገርለትና ከ1616 ጀምሮ አሁን ባለበት ኮረብታ ላይ ያለ፣ የጃፓን ነባር እምነት የሆነው የሺንቶ መቅደስ ነው።

ገጸ ባሕርይን «አምላክ» ብሎ መጥራት በኢንተርኔት ከሁሉ በላይ የታወቀው በሱዙሚያ ሃሩሂ ነው። አኒሜው በ2006 ሲወጣ ወዳጆቿ «ሃሩሂዝም» የሚል እምነት መሰል ነገር አቆሙ። በታሪኩም ሳታውቀው ዓለምን እንደ ፍላጎቷ የምትለውጥ ልጅ ስለሆነች ነገሩ ከባዶ አልተነሣም። ሃሩሂ ግን ደጅ የሚጠናበት መቅደስ የላትም። ዘጠኝ ተማሪ ልጃገረዶች የዘፈን ቡድን የሚያቋቁሙበት የላቭ ላይቭ አኒሜዋ ቶጆ ኖዞሚ ግን አላት፤ በታሪኩ በዚሁ በካንዳ ሚዮጂን ሚኮ፣ ማለትም የመቅደስ አገልጋይ ልጃገረድ፣ ሆና ታገለግላለች፣ ቡድኑን በግሪኮቹ ዘጠኝ የጥበብ እንስት አማልክት ስም የሰየመችውም እሷ ናት። መቅደሱም እንግዶቿን አልገፋም። የ2015ቱ የካንዳ በዓል ከላቭ ላይቭ ጋር በይፋ ተጣምሮ ተከብሯል።

ከኦቻኖሚዙ ጣቢያ አምስት ደቂቃ ያህል በእግር ያስኬዳል። አድናቂዎች ግን ከአኪሃባራ በኩል መጥተው፣ ልጆቹ በአኒሜው ሲለማመዱ የሚሮጡበትን ኦቶኮዛካ የሚባለውን ባለ 68 እርከን ደረጃ ይወጣሉ። ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ሻንጣ ይዞ አይሞከርም። ዙሪያው ሰው የሚኖርበት ሰፈር ስለሆነም ድምፅን ዝቅ ማድረግ ይገባል።

የቦታው ልብ ኤማ ነው፤ ስለት ወይም ምኞት ተጽፎበት የሚሰቀል ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ። እዚህ ብዙዎቹ ሰሌዳዎች ላይ ኖዞሚና ሌሎች ገጸ ባሕርያት ተስለው ይታያሉ፤ አንዳንዱ ሥዕል ጋለሪ ቢሰቀል የማያሳፍር ነው። ለመሳል ያሰበ ግን ዝግጅት ያስፈልገዋል። እንጨቱ ቅብ ስለሌለው ቀለም በቃጫው አቅጣጫ ይሮጣል። የአልኮል ማርከር ከመስመሩ አልፎ ስለሚሰፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ዓይን ነው። ተራ የውሃ ማርከር ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። የሚያዋጣው እንዲህ ነው፦ በለስላሳ እርሳስ ሳይጫኑ ንድፉን ማውጣት፣ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ጫፍ ባለው ውሃ በማያስለቅቀው እስክሪብቶ ዙሪያውን ማስመር፣ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከዚያ በአክሪሊክ ማርከር በስሱ ደረብ እያደረጉ መቀባት። ፊትና ዓይን ላይ መጀመሪያ ነጭ ከተቀባ ቀለሙ አይሰምጥም። ጠንካራ እርሳስ እንጨቱን ስለሚቦረቡር በላዩ የሚያልፈው ቀለም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይቋጥራል። መጻፊያ ቦታው ላይ የሚገኙት ብዕሮች ለጽሑፍ እንጂ ለሥዕል አይሆኑም፤ ጥሩ ሥዕል የሚፈልግ ኤማውን ገዝቶ፣ ማረፊያው ሄዶ በረጋ እጅ ስሎ ተመልሶ ይስቀለው። ሙሉ ስምና አድራሻ አይጻፍ፤ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ያነበዋል። ሰሌዳዎቹም ለዘላለም አይሰቀሉም፣ ጊዜያቸው ሲደርስ መቅደሱ አውርዶ በሥርዓት ያቃጥላቸዋል፤ ስለዚህ ከመሄድ በፊት ፎቶ ይነሣ።

ክታቦቹም መታየት አለባቸው። ታዋቂው ለኮምፒውተርና ለመረጃ ደኅንነት የሚሰጠው ሲሆን ከካርዱ ጋር መሣሪያ ላይ የሚለጠፉ ተለጣፊዎች አሉት። ለአኪሃባራ ጎረቤት የሚመጥን ሐሳብ ነው። በ2018 መጨረሻ የተከፈተው ኤዶኮ የሚባለው ሕንፃ ሱቅና ካፌ አለው፤ ለማረፍ ይሆናል እንጂ ለእሱ ብሎ የሚመጣበት አይደለም።

ኦርቶዶክስ ወይም ሙስሊም ሆኖ ግቢውን ማየት ብቻ የፈለገ ሰው አይቸገርም፤ ስገድ፣ አጨብጭብ የሚለው የለም። ከጸሎቱ ቤት ፊት ለፊት ግን የሚጸልይ ሰው እያለ ካሜራ አይደገን።

ተፎካካሪው ከቶኪዮ ጎን በሳይታማ የሚገኘው የዋሺኖሚያ መቅደስ ነው። የ2007ቱ አኒሜ ላኪ ስታር ካስተዋወቀው በኋላ ለአዲስ ዓመት የመጣው ሕዝብ በ2008 ወደ 300,000፣ በ2009 ወደ 420,000 ደርሷል። የገጸ ባሕርያቱ ሥዕል ያለበት ታቦት መሰል ሚኮሺም በሰው ትከሻ ዞሯል። ለአንድ ቀን ብቻ ለሚመጣ እንግዳ ግን ካንዳ ይሻላል፤ ዋሺኖሚያ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ይርቃል።

ለኖዞሚ የሚመጣ ጁን 9ን፣ የልደቷን ቀን፣ ይምረጥ፤ ኤማው በሥዕሏ ይሞላል። ታላቁ የካንዳ በዓል ደግሞ በየሁለት ዓመቱ፣ ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት በሜይ ይከበራል። በዚያን ሰሞን ግቢው በሰው ስለሚጨናነቅ ለመሳል የሚመጣ ሌላ ሳምንት ይቅጠር።