ለቄራው መካኒክ ምስጋና፦ «ሞተሩ አልቋል» የተባለው ኮሮላ እንዴት እንደተመረመረ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የቶዮታ መለዋወጫ የምንሸጥ ልጆች ነን። ምስጋናችን በቄራ በኩል አነስተኛ ጋራዥ ላላቸውና ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ለሚላቸው መካኒክ ነው። ስማቸው እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። እውነቱን ለመናገር የእሳቸው ሥራ ለእኛ ገበያ አይበጅም፤ ሞተር ሊገዛ የመጣ ደንበኛ ጋስኬትና አሥር ቡሎን ብቻ ይዞ ሄዷል። ቢሆንም ሥራቸውን እያየን ዝም ማለት ከበደን።

መኪናው 1.5 ሊትር፣ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ያለው ኮሮላ ነው። ባለቤቱ የቴስታታ ጋስኬቱን (በሞተሩ ላይኛው ክፍል፣ በቴስታታው፣ እና በታችኛው ብሎክ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ) ግቢው ውስጥ ራሱ ቀየረ። ከዚያ በኋላ መኪናው ቆሞ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበት የለውም፣ የራዲያተር ውሃ ይጎድላል፣ ቼክ ኢንጂንም በርቷል። ኮዱ ሲነበብ ፒ0302 እና ፒ0303 ወጣ፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥሉም ማለት ነው። ኮድ ማንበቢያ ያለው ሁሉ እዚህ ላይ ኮይልና ካንዴላ ያስገዛል፤ ተገዛ፣ ተቀየረ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ፒስቶኑ አየሩን ሲጨምቅ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) ለክቶ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር በቅደም ተከተል 152፣ 84፣ 80 እና 150 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አገኘ። የቶዮታ መጽሐፍ ለዚህ ሞተር ጤነኛውን 213፣ የመጨረሻውን ዝቅተኛ 156 ነው የሚለው። አራቱም ከ156 በታች ስለሆኑ «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) ሙሉ በሙሉ አልቋል፣ ሞተር ይቀየር» ተባለ። ሰውየው የዱባይ ሞተር ዋጋ ሊጠይቅ የመጣው ያኔ ነው።

ጋሼ ወረቀቱን አይተው መጀመሪያ ያሉት «ይህ መጽሐፍ የተጻፈው ለአዲስ አበባ አይደለም» ነበር። ነገሩ ቀላል ስሌት ነው። የመጽሐፉ ቁጥር የተሰላው በባሕር ወለል ላይ ላለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ሲሊንደሩ የሚስበውና የሚጨምቀው አየርም በዚያው ልክ ይሳሳል። ስለዚህ ባሕር ወለል ላይ 213 የሚያነብ አዲስ ሞተር እዚህ 160 አካባቢ ነው የሚያነበው፤ 156 የተባለው ዝቅተኛም ወደ 116 ይወርዳል። ያው ሞተር ድሬዳዋ ቢለካ ደግሞ 185 ገደማ ያነባል። በዚህ ዓይን ሲታይ አንደኛውና አራተኛው ሲሊንደር ጤነኛ ናቸው። ከፍታ ብዙም የማይቀይረው መለኪያ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ለዚህ ሞተር ከ14 ፒኤስአይ መብለጥ የለበትም። እዚህ ያለው ልዩነት ከ60 በላይ ነው፤ የወረዱትም ጎን ለጎን ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፋሻ ሲያልቅ እንዲህ ጥንድ መርጦ አያልቅም። በዚህ ምክንያት ብቻ ስንት ደህና ሞተር እንደተጣለ አስቡት!

ያም ሆኖ በሌላ ሰው ቁጥር አልሠሩም፤ ራሳቸው ደግመው ለኩ። ከዚያ በፊት ግን ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) አልነኩም። ውሃ የሚጎድልበት ሞተር ሲሊንደሩ ውስጥ ውሃ ሊያቁር ይችላል፤ ውሃ አይጨመቅም፣ በሞተሪኖ ሲመታ ቢዬላ (ፒስቶኑን ከክራንኩ የሚያገናኘውን ዘንግ) ያጣምማል። አራቱን ካንዴላ አውጥተው የክራንክ ፑሊውን ቡሎን በቁልፍ ወደ ቀኝ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዞሩ። የሁለተኛው ሲሊንደር ካንዴላ እንደታጠበ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፣ የሌሎቹ ቡናማ ነበር። ጎድሎ የጠፋው ውሃ በየት ሲቃጠል እንደነበር ይህቺ ካንዴላ ተናገረች። ከዚያ ባትሪውን ሞልተው፣ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ ነቅለው፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አስረግጠው ለኩ። ነዳጅ መስጫ ሳይረገጥ የተለካ ኮምፕሬሽን ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይወጣል፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህን ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ሲደግሙት ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ችግሩ ፋሻ ቢሆን ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚዘጋ በግልጽ ከፍ ይል ነበር።

ቀጥሎ የመጣው የአየር ምርመራ ነው፤ እንደ እኛ አስተያየት የመካኒክ ደረጃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የሁለተኛው ፒስቶን በኮምፕሬሽን ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ሞተሩን እንዳይዞር ይዘው በካንዴላው ቀዳዳ ከኮምፕሬሰር አየር ሰደዱ። አየሩ በሞተሩ የአየር መግቢያ በኩል ከተሰማ የመሳቢያ ቫልቭ፣ በማርሚታ (በጭስ ማውጫው) ከተሰማ የማስወጫ ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከነፈሰ ፋሻ፣ ራዲያተር ውስጥ አረፋ ከሠራ ጋስኬት ወይም ስንጥቅ ነው። በዚህ ሞተር አየሩ በአየር መግቢያውም በማርሚታውም ተሰማ። ልምድ የሌለው ሰው «ቫልቮቹ ታጥፈዋል» ብሎ ይዘጋው ነበር። እሳቸው ግን ስስ ፌስታል በሦስተኛው የካንዴላ ቀዳዳ ላይ አኖሩ፤ ፌስታሉ ተነፋ። አየሩ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያለፈ ነው። ሁለተኛው ኮምፕሬሽን ላይ ሳለ ሦስተኛው ደግሞ የማስወጫ ቫልቩ እየተዘጋ የመሳቢያው ሊከፈት በሚልበት ሰዓት ላይ ስለሚሆን ቫልቮቹ በትንሹ ክፍት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በአየር መግቢያውና በማርሚታው የተሰማው ከዚያ የወጣ ነው። በተቃራኒው ከሦስተኛው ጀምረው ሲሞክሩትም ያው ሆነ። ራዲያተሩ ላይም አልፎ አልፎ አረፋ ታየ። ቴስታታ ሳይወርድ ምርመራው አለቀ ማለት ነው፦ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ጋስኬቱ አልያዘም፣ ውሃም ወደ ሁለተኛው ይገባል።

የቫልቭ ሽፋኑን ከፍተው ቫልቮቹ በሰዓታቸው እንዲከፈቱ የሚያደርገውን ሰንሰለት ምልክትም አዩ፤ ፑሊው ዜሮ ላይ ሲቆም የሁለቱም ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ምልክት ወደ ላይ ነበር። ባለቤቱ ከባዱን ሥራ በትክክል ሠርቶ በቀላሉ ላይ ነው የተሸነፈው።

ቴስታታው ሲወርድ ጋስኬቱ ላይ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች በሚዋሰኑበት ጠባብ ቦታ፣ እርሳስ የሚያክል ጥቁር የጭስ መስመር ታየ። ምክንያቱ ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቀድሞው ጋስኬት ቅሪት የተፋቀው ግራይንደር ላይ በተገጠመ የብርጭቆ ወረቀት ዲስክ ነው። የአሉሚኒየም ቴስታታ ለዚህ ቶሎ ይሸነፋል፤ ዲስኩ ትንሽ በዘገየበት ይጎደጉዳል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድመው ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ሲያስገቡ በዚያው ቦታ 0.12 ሚሊሜትር ገባ፤ የተፈቀደው 0.05 ነው። ብሎኩ ግን 0.03 ብቻ ስለነበር አልተነካም። ሁለተኛ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹ ውሃና ዘይት አዝለው ነበር። ታች ድፍን ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ ካለ ቡሎኑ ፈሳሹን እየገፋ ይጠብቅና የጠበቀ ይመስላል፣ ቴስታታው ግን አልተጫነም፤ ሲብስ ብሎክ ይሰነጥቃል። ሦስተኛ፣ በብረት ንብርብር ጋስኬት ላይ ሲልከን ተቀብቷል። ይህ ዓይነት ጋስኬት ንጹሕና ለስላሳ ገጽ እንጂ ሲልከን አይፈልግም፤ ትርፉ እየተገነጠለ ዘይት ውስጥ ይገባል። ታችኛውን ስስ የዘይት ገንዳ ሲያወርዱ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ የሲልከን ክሮች ተጠምጥመው ተገኙ። ያ ሳይታይ ቢቀር ኖሮ ቴስታታው ተስተካክሎ ሞተሩ በዘይት እጥረት ይነክስ (ተጣብቆ ይቆም) ነበር።

የዲስኩ ብናኝ ብሮንዚን (ክራንኩ የሚዞርበትን ስስ የብረት ማቀፊያ) ይበላል፤ ስለዚህ የዘይት ፊልትሩንም ከፈቱ። በግራይንደር ሳይሆን በቱቦ መቁረጫ፤ ግራይንደር የራሱን የብረት ብናኝ ጨምሮ ምርመራውን ያበላሻል። ወረቀቱን ዘርግተው ማግኔት አለፉበት፦ ትንሽ ግራጫ ዱቄት አለ፣ የመዳብ ቀለም ያለው ብልጭታ ግን የለም። መዳብ ካልታየ ብሮንዚኑ እስከ ውስጥ አልተበላም ብለው ታችኛውን ክፍል ሳይነኩ ተዉት። ዘይቱም ውሃ አልነበረበትም፤ ያደረው መኪና የዘይት ማውረጃ ቡሎን ቀስ ብሎ ሲላላ መጀመሪያ የወረደው ዘይት ነው፣ ውሃ ቢኖር ከባድ ስለሆነ ቀድሞ ይወርድ ነበር። በክረምት በአጭር መንገድ የሚነዳ መኪና የዘይት ክዳን ሥር ነጭ አረፋ ስላየ ብቻ የሚደነግጥ ካለ ይህን ይሞክር።

ጥገናው አጭር ነው። ቴስታታው ቶርኖ ቤት በሙቅ ውሃና በአየር ግፊት ለስንጥቅ ተፈተሸ፣ ከዚያ ቀጥ እስኪል ብቻ ተላገ፤ ብዙ መላግ የኮምፕሬሽን መጠኑንና የቫልቭ ሰዓቱን ይቀይራል። የብሎኩ ቀዳዳዎች በአየር ደረቁ። አሥሩ ቡሎን አዲስ ሆኖ ጥርሱና አንገቱ ሥር ስስ ዘይት ተቀባ፤ ከመሐል ወደ ጫፍ በተራ መጀመሪያ በ29 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ። በእጅ ግምት የሚሆን ነገር አይደለም። 3.7 ሊትር ዘይት ከፊልትር ጋር ተሞልቶ ሞተሩ አሥር ደቂቃ በዝግታ ከሠራ በኋላ ዘይቱ ተደፋ፤ የቀረውን ብናኝ ለማጠብ ነው። ከዚያ አዲስ ዘይትና ሌላ ፊልትር ገባ። በስተመጨረሻ የተለካው ኮምፕሬሽን ከ150 እስከ 156 ነው፤ ለአዲስ አበባ በጣም ጥሩ።

ጋሼን የምናመሰግንበት ሌላው ነገር የመጀመሪያው ጋስኬት ለምን እንደተቃጠለ መጠየቃቸው ነው። የራዲያተር ክዳኑን በእጅ ፓምፕ ሲፈትሹት 0.4 ባር ላይ ለቀቀ፤ መያዝ ያለበት 1 ባር አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሞተር ደግሞ ዘወትር በዚያው አካባቢ ነው የሚሠራው። ደህና ክዳን ግን እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። «ሙቀት ጨመረ» ብለው ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቫልቭ) የሚያወጡ ሰዎች መጀመሪያ ክዳኑን ቢቀይሩ ኖሮ!

እሳቸው ጋ ለመሄድ ያሰበ ይህን ይወቅ። የምርመራ ዋጋ ለብቻው ያስከፍላሉ፣ ባታሠሩም ትከፍላላችሁ። ሥራቸው ቀርፋፋ ነው፤ መኪናው ግማሽ ቀን ለምርመራ ብቻ ይቆማል፣ ችኩል ሰው ይበሳጫል። ናፍጣ ሞተር አይቀበሉም። ራሳችሁ የፈታችሁት ሞተር ከሆነ የወጣውን አሮጌ ጋስኬት፣ ቡሎንና ፊልትር ሳትጥሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን በምን ቅደም ተከተል እንደተፈታ በወረቀት ጻፉላቸው፣ የተሳሳተውንም አትደብቁ፣ አይቆጡም። ውሃ የሚጎድል መኪና ከሆነ አስጎትቱት፤ «እስከዚያ ይደርሳል» ብላችሁ አታስነሱት።