የባሕር ዳር «ሁሉን ያካተተ» የጉዞ ጥቅል፦ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖቼ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። እንግዳ ወደ ከተማችን ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ለዚህ ነው ይህን ነገር አይቼ ዝም ማለት ያቃተኝ።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዞር የጉዞ ጥቅል አለ። በጋም ሆነ ክረምት ዋጋው አንድ ነው፣ ፕሮግራሙም አንድ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣ «ሦስት ገዳማት በጀልባ»፣ ጉማሬ ማየት፣ ጣና ላይ ዋና። ፎቶው ላይ ፏፏቴው ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ጭሱ እየተነሳ ይታያል። አክስቴ ይህንኑ አይታ ሙሉውን በቅድሚያ ከፍላ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከአዲስ አበባ መጣች። ወሩ የካቲት ነበር።

የካቲት ላይ ያ ፏፏቴ የለም! ሞልቶ የሚወርደው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም። በበጋ ወንዙ ራሱ ይቀንሳል፣ ያለውም ውኃ ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል፣ በዚያ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከሐይቁ በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ ወንዝ ይወስደዋል። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደው ያዩት ጥቁር ገደልና ጥግ ላይ የሚወርድ ቀጭን ውኃ ነው። ልጆቹ «ፏፏቴው የታለ?» ሲሉ አስጎብኚው «ዛሬ ተዘግቶ ነው» አላቸው። ዛሬ ብቻ አይደለም፤ በበጋ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፣ እሱም ያውቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ እዚያው መንገድ ላይ ነው፣ ለእሱና ለእግር ጉዞው ብሎ በጋ ላይ የሚሄድ ሰው አይቆጭም። ግን ያንን ፎቶ አሳይቶ በየካቲት ገንዘብ መቀበል ማጭበርበር ነው።

የገዳማቱ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ የወሰዷቸው ክብራን ገብርኤል ነው። ክብራን ሴት አይገባም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው። ሥርዓቱ የገዳሙ ነው፣ እናከብረዋለን። ጥፋቱ ለሦስት ሴቶች ሙሉ ዋጋ አስከፍሎ ይህን ያልተናገረው ሻጭ ላይ ነው። አብረዋቸው የነበሩት ወንዶች ወጥተው ሲጎበኙ አክስቴና ልጆቿ ጀልባው ላይ ፀሐይ እየመታቸው ተቀምጠው ጠበቁ። አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ፣ ሴትም ይገባል፣ እዚያ እንኳ አላደረሷቸውም። ገዳማት ያሉበት የዘጌ ልሳነ ምድር ሲደርሱ ደግሞ «የመግቢያው ለብቻ ነው» ተባሉ። ሁሉን ያካተተ ተብሎ!

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ደኅንነቱ ነው። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል፣ ማዕበሉም ቀላል አይደለም። የሐይቁን ጸባይ የሚያውቅ ሰው እንግዳ ይዞ የሚወጣው በጠዋት ነው። እነሱ ከምሳ በኋላ አስነሷቸው። ላይፍ ጃኬቱ ለሁሉም አልበቃም፣ ትንሿ ልጅ የደረሳት መቆለፊያው የተሰበረ ስለነበር እናቷ በነጠላዋ አሰረችላት። ዋናውንም ተዉት፣ በተለይ ልጆች አታስገቡ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዚያ የሚባል፣ በቆዳ የሚገባ የትል በሽታ አለ፤ በሽታው ደግሞ ውኃው ውስጥ ገብቶ ትንሽ በመቆየትም ይይዛል።

መምጣቱንማ ኑ። በበጋ ስትመጡ ዘጌን አስቀድሙ፦ በቡና ጫካው ጥላ ሥር በእግር እየሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ትደርሳላችሁ፣ ሁለቱም ለሴትም ለወንድም ክፍት ናቸው። ከተማው ሜዳ ስለሆነ ሳይክል ተከራይታችሁ በዘንባባዎቹ ሥር መዞር ነው። ወፍ የሚወድ ካለ ከኅዳር እስከ የካቲት ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለው የፎገራ ሜዳ ላይ ከአውሮፓ የሚመጡ ስደተኛ ወፎች በብዛት ያርፋሉ። ፏፏቴውን ግን ለክረምት አቆዩት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ያዳልጣል፣ የሚይዝ ጫማ አድርጉ፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ማልዳችሁ ውጡ። የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም በዚያው ሳምንት እዚህ ያለ ሰው ጠይቃችሁ ተነሱ።

አክስቴ ገንዘቧን ስትጠይቅ መጀመሪያ «እናጣራለን» አሏት፣ ከዚያ ብሎክ አደረጓት። እስካሁን የተመለሰ ነገር የለም። ቀብድ የከፈላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ጻፉላቸውና የትኞቹ ገዳማት እንደሆኑ በስም፣ ሴት ይግባ አይግባ፣ መግቢያው ተከፍሎ እንደሆነ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ለሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን በጽሑፍ እንዲመልሱላችሁ አድርጉ። የፏፏቴውንም በዚያ ሳምንት የተነሳ ቪዲዮ ጠይቁ። ካልላኩ ቀሪውን አትክፈሉ። የላካችሁበትን ደረሰኝና የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ እኛ ቅሬታ ስናቀርብ መጀመሪያ የተጠየቅነው እሱን ነው።