ዋባሻ ላይ ንስር ላሳዩን አባት ምስጋና፤ ከሀገር ቤት ወላጅ ለመጣላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሚኒሶታ፣ ዋባሻ ከተማ ባለው ብሔራዊ የንስር ማዕከል ለሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ከልብ አመሰግናለሁ። በተለይ ባለፈው ጃንዋሪ ወንዙ ዳር ቴሌስኮፕ ይዘው ለቆሙት አዛውንት። የሚያውቃቸው ሰው ይህን ካነበበ እባካችሁ ምስጋናዬን አድርሱልኝ።

እናቴ ከሐዋሳ ልትጠይቀን የመጣችው በዊንተሩ መሃል ነበር። ወላጅ ያመጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እኛ ሥራ እንሄዳለን፤ እሷ ከቴሌቪዥንና ከመስኮት ጋር ትውላለች። አንድ ባልደረባዬ ዋባሻ ውሰዳት አለኝ። ከሴንት ፖል በ61 ቁጥር መንገድ ሚሲሲፒን ይዞ መውረድ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው።

ሰውየው እናቴን ሲያዩ መጀመሪያ ወንበር አመጡላት። ከዚያ የቴሌስኮፑን እግር አሳጥረው በዓይኗ ልክ አስተካከሉት። የማስተረጉመው እኔ ብሆንም የሚያወሩት ከእሷ ጋር ነበር፣ ፊቷን እያዩ። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ሌላ ቦታ ስንሄድ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው፤ እሷ እንደሌለች ይቆጠራል።

ንስሮቹ ለምን እዚያ እንደሚሰበሰቡም በደንብ አስረዱን። ከላይ ያለው የፔፒን ሐይቅ በብርዱ ወራት በበረዶ ይዘጋል። ከሐይቁ የሚወጣው ውሃና እዚያው አጠገብ የሚቀላቀለው የቺፕዋ ወንዝ ግን ፍሰታቸው ብርቱ ስለሆነ ዋባሻ ጋ ውሃው አይጋገርም። ክፍት ውሃ ካለ ዓሣ አለ፤ ዓሣ ካለ ንስር አይጠፋም።

"ነጭ ራስ ብቻ አትፈልጊ" አሏት። ባልድ ኢግል የሚባለው ይህ የአሜሪካ ንስር ራሱና ጅራቱ ነጭ የሚሆነው አምስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። እስከዚያ ቡናማና ዝንጉርጉር ነው። እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ ወጣቶቹን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየለቀመች ታሳየኝ ጀመር። ድንገት አንዱ ከማዶ ካለው ዛፍ ተነሳ። ዝቅ ብሎ መጣ፣ እግሩን ዘረጋ፣ ውሃውን ቧጨር አድርጎ ዓሣውን ይዞ ወጣ። እናቴ በዚያ ብርድ እልልታዋን አቀለጠችው። ሰውየውም አጨበጨቡ።

ከዚያ "በእናንተ ሀገርስ?" ብለው ጠየቋት። የሐዋሳ ሐይቁን ንስር ነገረቻቸው፤ ነጩ እስከ ደረቱ እንደሚወርድ፣ ሆዱ ቀላ እንደሚል፣ ጩኸቱ ከሩቅ እንደሚሰማ። ወዲያው አወቁት። የአሜሪካው የቅርብ ዘመድ ነው አሏት። እሷም ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ባለው አሞራ ገደል ዓሣ ሲጸዳ ያለውን የአሞራ ግርግር እያወራች ብርዱን ረሳችው።

በ1963 ከአላስካ ውጭ ባለው ሰፊው የአሜሪካ ምድር የቀሩት ጎጆ የሠሩ ጥንዶች 417 ብቻ እንደነበሩ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። ዲዲቲ የሚባለው ፀረ ተባይ የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳው ሳይፈለፈል ይሰበር ነበር። መድኃኒቱ በ1972 ታገደ፤ ንስሩም በ2007 ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ ወጣ። ሕንፃው ውስጥ ደግሞ ተጎድተው ወደ ዱር መመለስ የማይችሉ ንስሮች አሉ፤ እዚያ ፊት ለፊት ታዩአቸዋላችሁ።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ድረሱ፤ ዓሣ ሲያጠምዱ የማየት ዕድላችሁ ይሰፋል። በመንገድ ላይ ንስር ካያችሁ መኪና ውስጥ ሆናችሁ ተመልከቱ። ሰው ሲጠጋቸው ይበርራሉ፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ጉልበታቸውን በከንቱ ማስጨረስ ግፍ ነው። የወደቀ ላባም አታንሱ፣ በሕግ የተከለከለ ነው። የመግቢያ ሰዓቱንና ክፍያውን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ለእናቶች ወፍራም ካልሲና ጋቢ ያዙላቸው፤ ቴሌስኮፑ ጋ ከተቀመጡ ቶሎ አይነሱም።